ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ሐይቅ ጉዞና ስለ መጠጥ ውሃው

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የወሩ ፈተና ውጤት ሰኞ ይሰጣል። የደንብ ልብስ ያልወሰዳችሁ ከጽሕፈት ቤት መውሰድ ትችላላችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ስለ ውሃ ነው። አርብ ጥቅምት 21 ቀን 48 ተማሪዎችና 4 መምህራን ከደሴ ተነስተው ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ከመጓጓዣውና ከምግቡ ሌላ «ለመጠጥ ውሃ» ብለን በየልጁ 120 ብር ጠይቀናል። እስካሁን በዚህ ጉዳይ ቢሮዬ የመጡት ሦስት ወላጆች ናቸው። አንደኛው አባት «ወሎ ውስጥ ደግሞ ውሃ በብር?» አሉኝ። ያልመጣችሁትም የምትሉትን ስለማውቀው፣ እሑድ ስብሰባ ላይ ከምንጨቃጨቅ ከወዲሁ ላስረዳ።

ባለፈው ዓመት ልጆቹን ወደ ሌላ ቦታ ስንወስድ ውሃውን አፍልተናል። እሳቱን ካነደዱት አንዱ እኔ ነኝ። ሆኖም በተመለስን ማግስት ስልኬ ከንጋት ጀምሮ ሲጮህ ዋለ። ዘጠኝ ልጆች ተቅማጥና ትውከት ያዛቸው፤ አንዲቷ ግሉኮስ ተሰክቶላት ሁለት ቀን ተኛች። እናቷ የክፍሉ በር ላይ ቆመው «እናፈላለን ብላችሁ አልነበር?» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «አፍልተናል» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም፤ ልጅቷ ግን እዚያ ተኝታ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመምህራኑ ጋር ቁጭ ብለን፣ ውሃው ከእሳት ወርዶ ልጆቹ አፍ እስኪደርስ የሄደበትን መንገድ አንድ በአንድ ተከተልነው። ከድስቱ ወደ ትልቅ ባልዲ ይገለበጣል። ባልዲው ክዳን የለውም። ላዩ ላይ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ትንሳፈፋለች። ልጁ ኳስ ሲጫወት ቆይቶ፣ ወይም ከቁጥቋጦው ጀርባ ተጸዳድቶ ይመጣል፤ እጁን እስከ አንጓው ነክሮ ይቀዳል፤ ጠጥቶ የተረፈውን መልሶ ባልዲው ውስጥ ይደፋል። ቀጥሎ ሌላው ይመጣል። ሐኪሙ ከውሃውም ከእጅም ሊሆን ይችላል ብሎን ነበር። ለእኔ ግን ያቺ ኩባያ በቂ ማስረጃ ናት። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ውሃ አፍልቶ ክፍት ባልዲ ውስጥ ማስቀመጥ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የ120 ብሩ ጉዳይ እንግዲህ ይኸው ነው። የምንከፍለው ለውሃው ሳይሆን ውሃው ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ ለሚያደርገው ዕቃና ሰው ነው። አንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ይጠጣል ብለን ብንይዝ፣ ለ52 ሰው በሁለት ሙሉ ቀን 312 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር 16 ጀሪካን ነው። ለእጅ መታጠቢያና ለወጥ የሚሆነው ከዚህ ውጭ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ውሃ ከደሴ ይዘን እንሄዳለን፤ የቀረውን ሐይቅ ከተማ ከቧንቧ ቀድተን እናፈላለን። ቧንቧ የተገጠመላቸው ክዳናም ጀሪካኖች፣ ከሰል፣ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ ውሃ አጋር (ውሃ ማከሚያው ክሎሪን)፣ እንዲሁም ከውሃው በቀር ሌላ ሥራ የማይሰጣቸው አንዲት ሠራተኛ ያስፈልጉናል። ከ48ቱ ልጆች የሚሰበሰበው በድምሩ 5,760 ብር ነው። ደረሰኙ ከጉዞው መልስ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ጀሪካኖቹና ድስቶቹ ስለሚቀመጡ የሚመጣው ዓመት ወላጅ ከዚህ ያነሰ ይከፍላል። ትምህርት ቤቱ ከዚህ ብር አንዲት ሳንቲም አያተርፍም፤ ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) የመረጣቸው ሁለት ወላጆች ሒሳቡን ይመረምራሉ።

«እኛ የምንጭ ውሃ ጠጥተን አይደል ያደግነው?» የምትሉ አላችሁ። እኔም የምንጭ ውሃ ጠጥቼ ነው ያደግሁት። ነገር ግን አያቴ ከምንጭ የመጣውን ውሃ በነጠላዋ ጫፍ ሳታጠል ለልጅ አትሰጥም ነበር፤ አልቅት ጉሮሮ ላይ የተጣበቀበት ከብትም ሰውም አይታለች። አያቶቻችንም ባወቁት ልክ ተጠንቅቀዋል። ነጠላው አልቅቱን ያስቀራል፤ ጃርዲያንና የታይፎይድን ተህዋሲ ግን አያስቀርም። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከምንጩ በላይ ያለው ዳገት ላይ ማን እንደሚጸዳዳ፣ ምን ከብት እንደሚሰማራ እናንተም እኔም አናይም።

«ሐይቁ ራሱ ውሃ አይደል?» ለምትሉም፣ የሐይቅን ሐይቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአንቸርቃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ማንም ልጅ ከሐይቁ አይጠጣም። ውሃው ውስጥም አይገባም፤ ቢልሃርዚያ በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው፤ ሲጠጡ መጠንቀቅ ከእርሱ አያድንም። ልጆቻችሁ በዚህ እንደሚያኮርፉ አውቃለሁ። ያኩርፉ።

«ሃይላንድ ይገዛላቸው» ማለታችሁም አይቀርም። አስበንበታል። 312 ሊትር ማለት ባለ 2 ሊትር 156 ጠርሙስ ነው፤ ዋጋው ከ120 ብሩ ይበልጣል፣ ባዶውን ሰብስቦ መመለሱም ሌላ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሃይላንዱ ያለቀበት ልጅ ጠርሙሱን የሚሞላው ካገኘው ውሃ ነው፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።

«ውሃ አጋር በረኪና በረኪና ይላል፣ ለልጄ ሆድ አይስማማም» የምትሉ እናቶች፣ በከተማ ቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረውም ያው ክሎሪን ነው። ለአንድ ጀሪካን በክዳኑ ተለክቶ ይጨመራል፤ ሠላሳ ደቂቃ ሳይቆይ አይጠጣም። ሽታው ውሃው አየር ሲያገኝ ይቀንሳል። ነገር ግን እባካችሁ፣ ከቤት በረኪና ጠብ አድርጋችሁበት አትላኩ፤ መጠኑ አንድ አይደለም፣ ልጅ ይጎዳል።

ቤታችሁ የምታፈሉትም ይህን ልብ በሉ። እኛ ደጋ ላይ ነን፤ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ መቆየት አለበት። ሐይቅ ከደሴ ዝቅ ቢልም እዚያም 3 ደቂቃውን እንጠብቃለን፤ መምህሩ ሰዓት ይዞ ይቆማል። ከዚያ እዚያው ድስት ውስጥ ተከድኖ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ጀሪካን ሲገለበጥም ውሃ አጋር ይጨመርበታል፤ ከእሳት ከወረደ በኋላ የሚነካውን እጅ የሚከላከልለት እርሱ ነው።

ስለ ጠበልም ልናገር፤ ዝም ብለው የወሰኑት ነው እንዳይባል። ለልጃችሁ ጠበል መስጠት የምትፈልጉ ወላጆች በሥርዓቱ መሠረት ልጁን ራሳችሁ ወደ ጠበሉ ይዛችሁት ብትሄዱ መልካም ነው፤ በጉዞው ላይ ግን መምህራን ለማንም ልጅ ጠበል አይሰጡም። ይህን የምለው እምነታችሁን አክብሬ ነው። ምግቡ ሽሮና ምስር ብቻ የሆነውም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ብለን ነው፤ አርብ ለሚጾሙትም ይስማማል።

አሁንም ቢሆን 120 ብር የሚከብዳችሁ ወላጆች መኖራችሁን አውቃለሁ። በዚህ ምክንያት የሚቀር ልጅ አይኖርም፤ ለእኔ ብቻ ንገሩኝ፣ ከእኔ አያልፍም። ከፍላችሁ ሐሳባችሁን የለወጣችሁም ብራችሁ ይመለሳል። የማልቀበለው «ልጄ የራሱን ውሃ ያገኛል፣ እኔ አልከፍልም» የሚለውን ነው። አንድ ልጅ ታሞ ከባልዲ ከቀዳ በሽታው የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ይህንን ባለፈው ዓመት አይተናል።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ በማይጠፋ ቀለም የተጻፈበት፣ አፉ ጠባብ የሆነ ባለ 1 ሊትር ኮዳና አንድ ሳሙና ስጡት። ኩባያ አትላኩ፤ ኩባያ ይዞ የመጣ ልጅ እኛ ጋ ትቶ ይሄዳል። ኮዳው ሐሙስ ጥቅምት 20 ጠዋት ለክፍል ኃላፊው ይታያል፤ ኮዳ የሌለው አውቶቡስ ላይ አይወጣም። ከታች ያለውን የስምምነት ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ማክሰኞ ጥቅምት 18 መልሱልን። ባለፈው ዓመት ሳታነቡ የፈረማችሁ ነበራችሁ፤ ዘንድሮ ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ።

ልጅቷ ድናለች፤ ዘንድሮም አብራን ትሄዳለች። ኮዳዋን ትናንት ቢሮዬ ድረስ አምጥታ አሳይታኛለች፤ ስሟን በቀይ ቀለም ሁለት ቦታ ጽፋበታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ርእሰ መምህር
ደሴ