ማሞቂያውን አላጠፋሁም

እታለም፣

እንደምን አላችሁ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ለእኛ ብር ለመላክ ብለህ ማሞቂያ አጥፍተህ ነው አሉ የምትተኛው» ያልሽኝ ነገር ከነከነኝ። ማን እንደነገረሽ አላውቅም፤ እኔ ግን እንደዚያ አላደርግም። ቤቴ ይሞቃል። የቀነስኩት ወጪውን ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ለእማዬም አስረጂልኝ።

እዚህ ለንደን ጋዝ እንደ እናንተ በሲሊንደር አይገዛም። በቧንቧ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ቆጣሪ አለው። ቦይለር የሚባለው ማሽን ውሃ ያሞቅና በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች ይልካል። ከኅዳር ጀምሮ ቢሉ ይቆለላል። በፈረንጆቹ 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ኋላ ወረድ ቢልም እንደ ድሮው አልሆነም። ኦፍጄም የሚባል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየ3 ወሩ የዋጋ ጣሪያ ያወጣል። ብዙ ሰው ከዚያ በላይ የማይከፍል ይመስለዋል። ጣሪያ የተደረገለት ግን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋና የየቀኑ ቋሚ ክፍያ ነው፤ ብዙ ካነደድሽ ብዙ ትከፍያለሽ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ቦይለሩ ነው። ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ ሙቀት የሚወስን ማስተካከያ አለው። ብዙ ቤት 75 ወይም 80 ዲግሪ ላይ እንደተተወ ነው፣ እኔ ወደ 60 አወረድኩት። የአሁኖቹ ቦይለሮች ከጭሳቸው ጋር የሚወጣውን እንፋሎት፣ ልክ ድስት ክዳን ላይ እንደሚያጤዘው፣ ወደ ውሃ መልሰው ሙቀቱን ያስቀሩታል። ይህ በደንብ የሚሆነው ግን ከራዲያተሩ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ሲሆን ነው። ከዚያ በላይ ሞቆ ከተመለሰ የከፈልሽበት ሙቀት በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ቤቱ ለመሞቅ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይሞቃል። ያገኘሁትን ሀበሻ ሁሉ ይህን ነው የምነግረው፤ የሙቅ ውሃ ታንከር ያለው ብቻ ባክቴሪያ እንዳይራባ የታንከሩን ውሃ ከ60 ማውረድ የለበትም።

የመኝታ ቤቴ ራዲያተር ደግሞ ከታች ሞቆ ከላይ ይቀዘቅዝ ነበር፣ አየር ይዞ ነው። ጎኑ ላይ ያለችውን ብሎን በትንሽዬ ቁልፍ ላላ ሳደርጋት ሽሽሽ ብላ አየሩን ተፋች፣ ጥቁር ውሃ ጨርቁ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር መልሼ አጠበቅኳት። አሁን እኩል ይሞቃል። ሶፋውንም ከሳሎኑ ራዲያተር ፊት አነሳሁ፣ በበሩ ስር የሚገባውን ንፋስም ዘጋሁ። ቤቱ 19 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ ብዙ ካወረድኩት ግድግዳው እርጥበት ይዞ ይሻግታል።

እውነቱን ለመናገር አጥፍተው የሚተኙ አሉ። በተለይ በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ያላቸው እናቶች አንጀቴን ይበሉታል። የመንግሥት ድጎማ ከሚያገኙት ብዙዎቹ በዚህ በብርዱ ወራት ከመብራት ሂሳባቸው 150 ፓውንድ ሊቀነስላቸው ይችላል፤ ቋንቋው ስለሚያስቸግር ግን ደብዳቤ ሲመጣላቸው ሳይመልሱ የሚቀሩ አሉ። ያገኘኋቸውን ደብዳቤያቸውን አነብላቸዋለሁ።

አሁን የእኔ ጭንቀት እማዬ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ከሰል መኝታ ቤት አስገብታ፣ በር ዘግታ ትተኛለች። እዚህ ጋዝ ያለበት ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ ለሚባለው መርዛማ ጭስ ማስጠንቀቂያ ይገጠማል፤ መርዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውን በተኛበት ይገድላል። የከሰሉም ያው ነው። ከወሩ ብር ጋር የወፍራም ብርድ ልብስ መግዣ ጨምሬያለሁ። ከክረምቱ በፊት ግዢላት፣ ከሰሉ ደጅ ይደር።

ወንድምሽ