ስለ «ሰይጣን ቤት» መታሰቢያ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ስለ ከተማችን ቅርሶች በምታወጧቸው ጽሑፎች ውስጥ በአዲስ አበባ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ ፊልም ይታይበት የነበረው «ሰይጣን ቤት» እምብዛም ሲነሣ አለማየቴ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አነሣሥቶኛል። ተንቀሳቃሽ ምስል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲገባ ብዙ ሰው ነገሩን የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ስለ ጠረጠረ፣ ቤቱም በዚሁ ስያሜ ታወቀ። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስሙን በጠሩ ቁጥር ያማትቡ ነበር። አንዳንዶች ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት ያደርጉታል፤ እኔ ግን አዲስ ነገርን በእምነት ሚዛን መዝኖ የመቀበል ጠባይ አድርጌ አየዋለሁ፤ ምክንያቱም ያው ሕዝብ ኋላ በፒያሳ እነ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ሲከፈቱ የፊልም ወዳጅ ሆኗል።

ቤቱን የሚያስታውሱ አረጋውያን ቁጥር በየዓመቱ እየተመናመነ ስለሆነ፣ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ የመግቢያ ትኬት ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙት ትዝታ ያላቸው አንባብያን ለዝግጅት ክፍላችሁ እንዲልኩ ጥሪ ብታደርጉ፣ የሚመለከተው የከተማው አካልም በስፍራው ታሪኩን የሚናገር ጽሑፍ ቢያቆም በማለት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የአራት ኪሎ ነዋሪ