በርጩማ መሥራት እንችላለን፤ በሩ ግን አያስገባንም

ውድ የጅማ ልጆች፣ እዚሁ ያላችሁም በውጭ ያላችሁም፣

ጅማ ላይ አካል ጉዳተኛ ሆኖ ሥራ መፈለግ ገና ከቤት ሲወጣ ብር ይጠይቃል። ሌላው ተጠጋግቶ በባጃጅ የሚሄድበትን መንገድ፣ ዊልቸር ያለው ሰው በኮንትራት ነው የሚሄደው። ክረምቱ ደግሞ እዚህ ረጅም ነው፤ ጭቃው ጎማ ይይዛል። ሲደርስ ደረጃ ይጠብቀዋል። ሰው ተሸክሞ ቢያወጣውም «እንደውልልሃለን» ተብሎ ይሸኛል። ገቢ የለም፣ ወጪው ግን ከሌላው ይበልጣል። ብዙ ቤት ደግሞ እናት ወይም እህት እሱን ለመደገፍ ብላ የራሷን ሥራ ትተዋለች። ቤተሰቡ አብሮ የሚደኸየው እንዲህ ነው።

ሕጉስ አለ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳት ምክንያት ከሥራ ማግለልን ይከለክላል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችም ያስገድዳል። ግን ቀጣሪ እስኪገኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ በማህበር ተሰባስበን የራሳችንን ሥራ ጀመርን።

የምንሠራው የጅማን በርጩማ ነው፤ ባለ ሦስት እግሩን፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን። ዓይነ ስውሩ ጓደኛችን ሲያለሰልስ ብታዩት! መዳፉን መቀመጫው ላይ ቀስ አድርጎ ያዞራል። ይቆማል። እኛ ያላየናትን ሻካራ ቦታ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርግና «እዚህ ጋ ገና ነው» ይላል። ሁሌም ልክ ነው።

የተከራየናት ቤት ግን ደረጃ አላት፣ በሯም ጠባብ ነው። በዊልቸር የሚሄዱት አባሎቻችን ውጭ በረንዳ ላይ ይሠራሉ። ዝናብ ሲመጣ ሥራ ያቆማሉ፤ ያን ቀን ገቢ የለም። መጸዳጃ ቤቱም ስለማያስገባቸው ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ይሄ ነው። አከራያችን እንድናስተካክለው ፈቅደዋል፤ ፈጣሪ ይስጣቸው።

የሚያስፈልገን ለዊልቸር መወጣጫው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ፌሮ፣ ሁለት ሰፋፊ በሮች፣ ዝቅ ያሉ የሥራ ጠረጴዛዎች፣ መሮና መላጊያ ነው። የደረቀ ግንድም እንቀበላለን፣ በፈቃድ የተቆረጠ ከሆነ ብቻ። ግንበኞች፣ አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው። እድሮችም በስብሰባችሁ ላይ አንሱልን። ካፌ ያላችሁ፣ ወንበር ከሌላ ከመግዛታችሁ በፊት መጥታችሁ በርጩማችንን እዩት።

ገንዘብ የምትሰጡ በማህበሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ አስገቡ፤ በግል ለማንም አትስጡ። ደረሰኝ ትቀበላላችሁ። የተገዛው ዕቃ ከነዋጋው ግድግዳችን ላይ ይለጠፋል። ግንባታውን ክረምት ሳይገባ መጨረስ አለብን፤ ስለዚህ ያሰባችሁትን በዚህ ወር አድርሱልን።