አርባ ራስ፣ መቶ እግር፦ ለክልላችን ትምህርት ቢሮ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ ኃላፊ።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። በቀደም ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አንድ ገበሬ በግና ዶሮ አለው። ራሳቸው ሲቆጠር 40፣ እግራቸው 100 ነው። በጉ ስንት ነው? ክፍሉ ጭጭ አለ። አንዷ ከ100 ላይ 40 ቀንሳ "60" አለችኝ። ከ40 እንስሳ 60 በግ!

ያንኑ በአማርኛ ነገርኳቸው። በገበያ ቀን ከአባቱ ጋር በግ የሚነዳ አንድ ልጅ ከኋላ ሆኖ፣ እስክሪብቶ እንኳ ሳያነሳ መለሰ። "ሁሉም ዶሮ ቢሆኑ እግሩ 80 ነው ቲቸር። 20 ይጎድላል። በግ ከዶሮ በ2 እግር ይበልጣል። እና 10 በግ።" ኤክስ የለ፣ ዋይ የለ።

ይህ ልጅ ፈተና ላይ ወርድ ፕሮብሌም፣ ማለትም በእንግሊዝኛ ቃላት የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ፣ ሲያይ ዘሎ ያልፋል።

አን ኒውማን የተባለች አውስትራሊያዊት እ.ኤ.አ. በ1977 ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲሠራ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ለይታ አስቀምጣለች፦ ማንበብ፣ መረዳት፣ ወደ ሒሳብ መቀየር፣ ማስላት፣ መልሱን መጻፍ። ስሌቱ አራተኛ ነው። የእኔ ተማሪዎች ብዙዎቹ እዚያ ሳይደርሱ ይቀራሉ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዓመታት የደጋገምኩላቸው አራተኛውን ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአማርኛ "ከኤክስ ላይ 5 ሲቀነስ" እንላለን። እንዳልነው ብንጽፈው ኤክስ ሲቀነስ 5 (x − 5) ይሆናል። እንግሊዝኛው ግን "ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ" ይላል፤ 5 ይቀድማል። ልጁም እንዳነበበው 5 ሲቀነስ ኤክስ (5 − x) ብሎ ይጽፋል። እኛም ኤክስ እናደርግበታለን።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። እሱን ይቀይሩልን አልልም። የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። በክፍል ፈተና "ኢኩዌሽኑን ብቻ ጻፉ፣ አትፍቱት" የሚል ጥያቄ ነጥብ ይኑረው። ምርጫ ብቻ ሲሆን ልጁ የቱ ጋ እንደተደናቀፈ አይታየንም፤ አንዱን ፊደል ገምቶ ይወጣል። ሌላው፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ አብረን እንግባ። የእንግሊዝኛው መምህር እሺ ብሎኛል፤ ሁለት ቡና አስከፍሎኝ ነው እንጂ። የቀረው ፕሮግራሙ ነው፤ እሱ ደግሞ ከበላይ ደብዳቤ ካልመጣ አይነካም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር