የስፌት መኪናዬ ድጋሚ ጮኸች፦ የምስጋና መልእክት

ባለፈው ሰኞ ፔዳሏን ረገጥኳት። በግራ እግሬ ነው፤ ቀኙን ገና አልደፈርኩም። መኪናዋ ግን ጮኸች። ከጎኔ ያሉት የመኪና ግርግር (የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ) ሰፊዎች ሥራቸውን ትተው አጨበጨቡ። እኔ ሳለቅስ ሳላመሰግናቸው መሸ። ይኸው በጽሑፍ።

ነገሩን ለማታውቁት፣ የታመምኩት ቀኝ ተረከዜን ነው። መጀመሪያ ሪህ ነው ተባለ። ወጌሻ አሸው። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ራጅ ሳያነሳኝ ተረከዜን ሁለቴ በመርፌ ወግቶ "ጫማ ቀይር፣ ክብደት ቀንስ" አለኝ። ክብደት! እኔ እንደ ክር የቀጠንኩት። ሰባት ወር እንዲሁ ሄደ።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው እዚሁ ሐረር ያየችኝን ወጣት ሐኪም ነው። "የሚብስብህ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ነው ወይስ ማታ?" አለችኝ። ማታ ነው፣ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል አልኳት። ተረከዜን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፏ ይዛ ጨመቅ አደረገችው። ጣራ እስኪነቃነቅ ጮህኩ። "የጅማት ቢሆን ከሥር ስጫነው ነበር የምትጮኸው፤ ይሄ ከአጥንቱ ሳይሆን አይቀርም" ብላ ራጅ አዘዘች። ፊልሙ ላይ የተረከዜ አጥንት መሀሉ ባዶ ሆኖ ታየ። ልክ ብል የበላው ሱፍ።

የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ከድሬ በባቡር አዲስ አበባ ገባሁ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ከአጥንቱ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ባላነሳው ይሻላል። "ጃይንት ሴል ቱመር" ሆኖ ተገኘ። ካንሰር አይደለም፤ ግን አጥንት እየበላ ያድጋል። አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አካባቢ ነው የሚወጣው፣ ተረከዝ ላይ ብርቅ ነው አሉኝ። የአጥንት ሐኪሞቹ ውስጡን ጠርገው በአጥንት ሲሚንቶ ሞሉት። እጃቸው ይባረክ። (የሰፈር ልጆች "ሲሚንቶው የድሬ ነው የሙገር?" እያሉ እስካሁን ይስቁብኛል።) ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል፣ አንዳንዴም ሳንባ ላይ ስለሚታይ፣ በየቀጠሮዬ የእግሬንም የደረቴንም ራጅ እነሳለሁ።

ሰፊዎቹ ወንድሞቼ፣ የኢድ ትዕዛዜን ተካፍላችሁ ሰፍታችሁ ገንዘቡን ለባለቤቴ አስረከባችሁ። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። እቁብተኞቼ ዕጣ ሳትጥሉ ተራውን ለእኔ ሰጣችሁ። የአፎቻ (የሐረሪዎች እድር) እናቶች፣ ቤቴ ድስት አልጠፋም። ባጃጅ የማይገባበትን የጀጎል ቅያስ ከነክራንቼ አዝለህ ያሳለፍከኝ ጎረምሳ፣ ስምህን እንኳ አልጠየቅኩህም፤ ብቅ በልና ሸሚዝ ልስፋልህ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ።

ጨርቃችሁን ሰጥታችሁኝ "አንተው ትሰፋዋለህ" ብላችሁ የጠበቃችሁኝ ሦስት ደንበኞቼ ደግሞ፣ ጨርቁ መደርደሪያው ላይ ከነልኬቱ አለ። ግን ኑና እንደገና ልለካችሁ። ዓመት የከረመ ልኬት አይታመንም፤ በተለይ የአንዳችሁን ወገብ በመስኮት አይቼዋለሁ።