የኔቫዳ ምክር ቤት መቀመጫ የሚወሰነው በጁን ነው

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

የምርጫ ዘገባችሁን እንከታተላለን። ስለ ዋይት ሐውስና ስለ ኮንግረስ ገጽ ሙሉ ስትጽፉ ስለ ኔቫዳ ዋና ከተማ ስለ ካርሰን ሲቲ ግን ሁለት መስመር እንኳ አላየንም። ላስ ቬጋስ ለሚኖረው ወገናችን፣ በተለይም ለሴቶቻችን፣ ኑሮን ቀርቦ የሚነካው የስቴቱ ምክር ቤት ነው። አረጋውያንንና ሕሙማንን በየቤታቸው ሲንከባከቡ የሚውሉ ስንት እህቶች እንዳሉን ታውቃላችሁ። የእነዚህ ሠራተኞች ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 16 ዶላር እንዲሆን በ2023 የወሰነው የኔቫዳ ምክር ቤት ነው።

ምክር ቤቱ 63 መቀመጫ አለው፤ 42ቱ የአሴምብሊ (የታችኛው ምክር ቤት)፣ 21ዱ የሴኔት (የላይኛው)። በዲሴምበር 2018 በአሜሪካ ታሪክ ሴቶች አብላጫውን የያዙበት የመጀመሪያው የስቴት ምክር ቤት ሆነ፤ ዛሬ ከ60 በመቶ በላይ ሴቶች ናቸው። ታዲያ የእኛ ሴቶች ድምፅ የት ይቀራል? አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ባለመውጣት አይደለም። ተመዝግበው፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱም ቤታቸው ደርሶ፣ በጥቃቅን የአሠራር ጉዳዮች ነው የሚባክነው።

ትልቁ ጉዳይ ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫው ነው። ብዙው የምርጫ ክልል ወደ አንዱ ፓርቲ ያጋደለ ስለሆነ ኖቬምበር ሲደርስ ውጤቱ የታወቀ ነው፤ እውነተኛው ውድድር ጁን ላይ አልቋል። የኔቫዳ ቅድመ ምርጫ ደግሞ ዝግ ነው፤ የዴሞክራት እጩ የሚመርጠው በዴሞክራትነት የተመዘገበ፣ የሪፐብሊካን እጩ የሚመርጠው በሪፐብሊካንነት የተመዘገበ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ወይም ስታድስ በዲኤምቪ (በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) በኩል የተመዘገበች ሴት ፓርቲ ካልመረጠች ግን “ናን ፓርቲዛን” (ፓርቲ የሌላት) ተብላ ትገባለች። ለጁኑ ቅድመ ምርጫ የሚላክላት ወረቀት እንደ ዳኝነትና የትምህርት ቦርድ ያሉ ከፓርቲ ውጭ የሆኑ መቀመጫዎችን ብቻ የያዘ ነው። የፓርቲዎቹን የአሴምብሊ እጩዎች ስም ስታጣ “ወረቀቱ ተሳስቶ መጣ” ብላ ትጥለዋለች። ወረቀቱ አልተሳሳተም፤ ምዝገባዋ ነው እንደዚያ የሚለው። ፓርቲ መምረጥ ክፍያ የለውም፣ ኖቬምበር ላይም ማንንም ከመምረጥ አያግድም። በሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት (የስቴቱን ምርጫ በሚመራው ቢሮ) ድረ ገጽ ላይ በመንጃ ፈቃድ ቁጥር ገብቶ መቀየር ይቻላል። የዘንድሮው ቅድመ ምርጫ ጁን 9 ቀን 2026 ስለሆነና ወረቀቶቹ ቢያንስ 20 ቀን ቀደም ብለው በፖስታ ስለሚላኩ፣ ለውጡ ከዚያ በፊት ቢያልቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ፊርማ ነው። የፖስታ ድምፅ የሚቆጠረው በመመለሻው ፖስታ ላይ ያለው ፊርማ በመዝገብ ካለው፣ ብዙውን ጊዜም ዲኤምቪ ከወሰደው ፊርማ ጋር ሲመሳሰል ነው። ብዙዎቻችን ዲኤምቪ ስክሪን ላይ በችኮላ በእንግሊዝኛ ፈርመን፣ ቤት ስንደርስ በለመድነው በአማርኛ እንፈርማለን። በአማርኛ መፈረም ችግር የለውም፤ ችግሩ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ማየት ነው። ፊርማ ካልተመሳሰለ የካውንቲው ምርጫ ቢሮ በስልክ፣ በጽሑፍ መልእክት ወይም በደብዳቤ ያሳውቃል፤ ማረሚያው ከምርጫው ቀን በኋላ እስከ ስድስተኛው ቀን፣ 5 ፒ ኤም (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት) ድረስ ነው። የማይታወቅ ቁጥር የማያነሳ ሰው ድምፁን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ባልና ሚስት በአንድ ጠረጴዛ ሲሞሉ ደግሞ ፖስታ ይቀያየራሉ። በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ ያለው ባርኮድ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷ በእሱ፣ እሱ በእሷ ፖስታ ላይ ከፈረሙ ሁለቱም ይታገዳሉ። ባል ሚስቱን “እኔ ልፈርምልሽ” ካለ ይህ ስህተት ብቻ ሳይሆን ወንጀልም ነው። “እሱ ፖለቲካውን ያውቃል” የምትል እህት ብዙ ናት፤ ድምፁ ግን የእሷ ነው።

ስምም ያስቸግራል። በኢትዮጵያ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለ፣ ዜግነት ስትወስድ ስሟን ያስተካከለች ሴት በሶሻል ሴኪዩሪቲ አንድ፣ በዲኤምቪ ሌላ ሆና ትገኛለች፤ የአንድ ፊደል ልዩነትም ምዝገባውን ሊያጓትት ይችላል። ከቃለ መሐላው በኋላ መጀመሪያ ሶሻል ሴኪዩሪቲን፣ ቀጥሎ ዲኤምቪን ማስተካከል፣ ከዚያ መመዝገብ ነው። ግሪን ካርድ ያላት ግን በስህተትም ቢሆን መመዝገብ የለባትም። የዜግነት ማመልከቻው ይህንኑ ይጠይቃል፤ መዘዙም እስከ መባረር ይደርሳል።

በቋንቋ በኩል፣ ላስ ቬጋስ ያለበት ክላርክ ካውንቲ ወረቀቱን በስፓኒሽና በፊሊፒኖ ያዘጋጃል፤ አማርኛ በፌዴራል ሕጉ ከሚካተቱት ቋንቋዎች ውስጥ አይደለም። ሆኖም ማንበብ የሚያስቸግራቸው እናት የፈለጉትን ሰው ይዘው ገብተው ማስነበብ መብታቸው ነው፤ ልጃቸው ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። አሠሪና የዩኒየን ተወካይ ግን አይፈቀድም። በሆቴሎች ለሚሠሩት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ስለ መወዳደርም አንድ ነገር። ለአሴምብሊ የሚወዳደር ዜጋ ዕድሜው 21 የሞላ፣ በስቴቱ አንድ ዓመት፣ በምርጫ ክልሉ 30 ቀን የኖረ መሆን አለበት፤ የመመዝገቢያ ክፍያው 100 ዶላር ነው። እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ምክር ቤቱ በየሁለት ዓመቱ 120 ቀን ሲሰበሰብ ደሞዝ የሚከፈለው ለመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ብቻ ነው፤ ካርሰን ሲቲ ደግሞ ከላስ ቬጋስ በመኪና ሰባት ሰዓት ያህል ነው። ልጅ ያላት ሴት ይህን የምትችለው ቤተሰብም ማኅበረሰብም ሲደግፋት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ለአዳራሽና ለዘፋኝ የሚዋጣው ገንዘብ ለአንዲት እጩ ሲዋጣ ግን አላየንም፤ ይህን ደፍረን እንናገራለን።

ከእናንተ የምንጠይቀው ቀላል ነው። ቀድሞ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው ሜይ 23 ሲሆን እስከ ጁን 5 ይቆያል። ከዚያ በፊት በሚወጣው እትማችሁ የናሙና ወረቀቱን ከነፖስታው ፎቶ አንስታችሁ፣ የት እንደሚፈረም ቀስት አድርጋችሁ፣ በአማርኛ አውጡልን። የፓርቲ ምዝገባን ለማየት የሚያስፈልጉትን እርምጃዎችም አብራችሁ አትሙ። ታክሲ የሚነዱና የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ አንባቢዎቻችሁ በካውንቲው ውስጥ ባለ በየትኛውም የምርጫ ጣቢያ መስጠት እንደሚችሉ፣ የምርጫው ዕለትም በሩ የሚዘጋው በ7 ፒ ኤም (በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት) እንደሆነ በጉልህ ጻፉላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የላስ ቬጋስ አንባቢዎቻችሁ