ሦስቱ የደም ምርመራዎች የማያዩት ብግነት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጅማ ውስጥ ጉልበቱ ወይም የእግሩ አውራ ጣት አብጦ የሚያነክስ ሰው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ላቦራቶሪ ይገባና ኤኤስኦ (የስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ አሻራ)፣ አርኤፍ (ለሩማቶይድ አርትራይተስ የሚታዘዝ) እና ሲአርፒ (የብግነት መለኪያ) የሚባሉትን ሦስት ምርመራዎች ያሠራል። ኤኤስኦ «ፖዘቲቭ» ከተባለ የወር መርፌ (ፔኒሲሊን) ይጀምራል። ሦስቱም «ኔጋቲቭ» ከሆኑ ደግሞ «ብርድ ነው» ይባልና ዲክሎ (የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ) ከዴክሳ (ስቴሮይዱ ዴክሳሜታዞን) ጋር ተወግቶ ይሸኛል። ከአጋሮ፣ ከሰቃ ወይም ከዴዶ ተሳፍሮ የሚመጣው ገበሬም ከዚህ የተለየ ነገር አይገጥመውም። በሕክምናና በላቦራቶሪ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ይህ መንገድ የሚስትበትን ቦታ ለአንባቢዎቻችሁ ለማሳየት ነው።

ከሦስቱ ሁለቱ፣ ኤኤስኦ እና አርኤፍ፣ የሚፈልጉት አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ሰውነት ተምሮ የሚያመርተው ነገር ስለሆነ ቀናትና ሳምንታት ይወስዳል። ከመገጣጠሚያ ብግነቶች ውስጥ ግን በሰዓታት የሚነሱ፣ አንቲቦዲ የሚባል ነገር ጨርሶ የማያስፈልጋቸው አሉ። እነዚህን የሚያስነሳው አብሮን የሚወለደው ተፈጥሯዊ የመከላከያ ኃይል ነው። ይህ ኃይል እንደ ግቢ ውሻ ነው፤ ስምና አድራሻ አይጠይቅም፣ ያላወቀው ኮቴ ሲሰማ ይጮኻል። ሴሎቹ የባክቴሪያን ቅርፊት፣ የቫይረስን አርኤንኤ ወይም የተጎዳ ሴል ፍርስራሽን የሚለዩ ተቀባዮች አሏቸው። በ2011 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ግማሹ ለብሩስ ቦይትለርና ለጁልስ ሆፍማን የተሰጠው ስለነዚህ ተቀባዮች ባገኙት ግኝት ነው።

ሪህን እንውሰድ፤ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታየው በሱ ነው። ደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ መሟሟቱን ያቆምና በመርፌ ቅርጽ ይረጋል። ቅዝቃዜ ሲጨምር የመሟሟት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ከሰውነት ክፍል ሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው በእግር ጣት ላይ ቀድሞ ይከማቻል። ስለዚህ «ብርድ ነው» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት አለው፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው መርፌ ነው። ማክሮፌጅ የተባለው ሴል ክሪስታሉን ሲውጠው በውስጡ ያለው የመፍጫ ከረጢት ይቀደዳል፣ ፖታሲየሙ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ በውስጡም ኢንፍላማሶም የሚባል የፕሮቲን ስብስብ ይገጣጠማል። ይህ ስብስብ ስሙን ያገኘው በ2002 ነው፤ የሪህ ክሪስታል እሱን እንደሚያስነሳ የታወቀው ደግሞ በ2006 ነው፤ ሁለቱም ከስዊዘርላንዳዊው ዩርግ ቾፕ ቡድን ወጡ። ስብስቡ ኢንተርሊውኪን አንድ ቤታ የተባለውን መልእክተኛ ቆርጦ ይለቃል። መልእክተኛው የደም ሥሩን ይከፍታል፣ ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች በገፍ ይገባሉ፤ ማታ ደህና ሆኖ የተኛ ሰው ንጋት ላይ አንሶላው ሲነካው ይጮኻል።

ክሪስታሉ ለዓመታት ዝም ብሎ ተቀምጦ አንድ ቀን የሚነሳውም በምክንያት ነው። ማክሮፌጁ አስቀድሞ መነቃቃት አለበት፤ የስብ አሲድ ወይም የባክቴሪያ ቁራጭ ይህን ያደርጋል። ከበዓል ማግስት፣ ሥጋና መጠጥ ከበዛበት ሌሊት በኋላ ሪህ የሚነሳው ከዚህም የተነሳ ነው። ጥቃቱ ደግሞ ባይታከምም ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ይበርዳል፤ የሞቱት ኒውትሮፊሎች የተረተሩት ዲኤንኤ እንደ መረብ ተጠቅልሎ መልእክተኞቹን ይይዛቸዋል። በአምስተኛው ቀን የተወጋ መርፌ በስምንተኛው ቀን ሲመሰገን የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ አንቲቦዲ የለም። አርኤፍ ኔጋቲቭ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ ኤኤስኦ ፖዘቲቭ ቢሆን ግጥምጥሞሽ ነው። ጥቃቱ በተነሳ ቀን የሚለካ ዩሪክ አሲድ እንኳ ልክ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ መድገም ያስፈልጋል። ከሦስቱ ምርመራዎች የተፈጥሯዊውን መከላከያ ጥላ የሚያሳየው ሲአርፒ ብቻ ነው፤ ጉበት ኢንተርሊውኪን 6 በተባለ ሌላ መልእክተኛ ትእዛዝ ያመርተዋል፣ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ምክንያቱ ሲቆም በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ችግሩ ብዙ ቦታ «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» ተብሎ ብቻ መጻፉ ነው። ቁጥሩን ጠይቁ። 12 እና 180 አንድ ነገር አይደሉም።

ሕክምናውም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ኮልቺሲን ኒውትሮፊሎች እንዳይንቀሳቀሱ፣ ኢንፍላማሶሙም እንዳይገጣጠም ያግዳል። ስለዚህ የሚሠራው ቶሎ ሲወሰድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ቢሆን ይመረጣል። መጠኑ መጀመሪያ 1 ሚሊግራም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 0.5 ሚሊግራም ነው፤ በቀጣዮቹ ቀናት 0.5 ሚሊግራም በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እስኪበርድ ይቀጥላል። «ተቅማጥ እስኪይዝህ በየሰዓቱ ውሰድ» የሚለው የድሮ ትእዛዝ ቀርቷል፤ ተቅማጥ የመመረዝ ምልክት ነው። ኩላሊቱ የደከመ፣ ክላሪትሮማይሲን የሚወስድ፣ ወይም በኤችአይቪ መድኃኒቱ ውስጥ ሪቶናቪር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ኮልቺሲን መንካት የለበትም። ኮልቺሲን ከገበያ ሲጠፋ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በቀን ከ30 እስከ 35 ሚሊግራም ለ5 ቀን በአፍ ይሰጣል፤ ስኳር ላለበት ሰው ስኳሩ እየተለካ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ይሠራሉ፣ ጨጓራው ለቆሰለና ኩላሊቱ ለታመመ ግን አይሆኑም።

ክሪስታሉን የሚያሟሟው አሎፑሪኖል ነው። በቀን በ100 ሚሊግራም፣ ኩላሊት ሲደክም በ50፣ ይጀመርና በየአራት ሳምንቱ ዩሪክ አሲዱ እየተለካ ከ6 በታች እስኪወርድ ይጨመራል። ሁለት ስህተቶች በብዛት እናያለን። አንዱ በ100 ሚሊግራም ጀምሮ ለዓመታት እዚያው መቅረት ነው። ሌላው ጥቃት በተነሳ ቁጥር መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው። ክሪስታሉ ሲሟሟ መጀመሪያ ላይ ጥቃት መብዛቱ የታወቀ ስለሆነ፣ ከ3 እስከ 6 ወር ኮልቺሲን 0.5 ሚሊግራም በቀን አብሮ ይሰጣል። በተቃራኒው ጥቃት አጋጥሞት ለማያውቅ፣ የዩሪክ አሲዱ ቁጥር ብቻ ከፍ ላለ ሰው አሎፑሪኖል አያስፈልገውም፤ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሪህ ሳይዛቸው ይኖራሉ። ቁጥሩን ያወጣው የደም ግፊት ክኒኑ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ወይም የቲቢ መድኃኒቱ ፓይራዚናማይድ ሊሆን ይችላል። አሎፑሪኖል የጀመረ ሰው ቆዳው ሽፍ ካለ፣ በተለይ ከትኩሳትና ከአፍ ቁስል ጋር፣ ዛሬውኑ አቁሞ ይምጣ።

ስለ ምግብ በአጭሩ፦ ቢራ፣ ጉበትና ኩላሊት ዩሪክ አሲድ ይጨምራሉ። ብርዝና ጠጅ የሚወድ ሰውም ማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ጉበት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ የሚያመራ መሆኑን ይወቅ። ቡና ግን ነፃ ነው፤ እንዲያውም ቡና አዘውታሪዎች ላይ ዩሪክ አሲድ ዝቅ ብሎ ታይቷል። ጅማ ላይ ይህን መጻፍ ደስ ይላል።

አሁን ወደሚያስፈራው። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ አብጦ፣ ግሎ፣ አልንቀሳቀስም ካለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መግል ነው። ባክቴሪያ በቀናት ውስጥ የመገጣጠሚያውን ልም አጥንት ይበላዋል። በዚህ ላይ ዴክሳ ሲወጋ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ታማሚው ይስቃል፣ ባክቴሪያው ይስፋፋል። ሪህና መግልን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም የኒውትሮፊል ሥራ ናቸው። የሚለየው ከመገጣጠሚያው የሚቀዳው ፈሳሽ ነው፤ መቀዳት ያለበትም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት። በማይክሮሊትር ከ50,000 በላይ ነጭ የደም ሴል ከተገኘ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ መግል ይታከማል። ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነፃ አያወጣም፤ ፈሳሹ ለካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ ለማየት) ይላክ።

ክሪስታሉን ለማየት ውድ ማይክሮስኮፕ የግድ አይደለም። ሞባይልና ቴሌቪዥን ጠጋኞች ከተሰበረ ስክሪን ላይ ልጠው የሚጥሉት ፖላራይዘር ፊልም (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ይበቃል። አንዱ ቁራጭ ከመብራቱ ላይ፣ ሌላው ከስላይዱ በላይ ይቀመጥና መስኩ እስኪጨልም ድረስ አንዱ ይዞራል። ከሲሪንጁ አንድ ጠብታ በቀጥታ አዲስ፣ በአልኮል በተወለወለ ስላይድ ላይ ይደረግና በሽፋን መስታወት ተሸፍኖ በ400 እጥፍ ይታያል። በጨለማው ውስጥ የሚያበሩ ቀጫጭን መርፌዎች፣ አንዳንዴም ኒውትሮፊሉን ወግተው ከውስጡ ብቅ ያሉ፣ ከታዩ ሪህ ነው። አቧራ፣ የጓንት ዱቄት፣ እንዲሁም ቀደም ሲል እዚያው መገጣጠሚያ ውስጥ የተወጋ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ስቴሮይድ ያበራሉና ያሳስታሉ፤ እነዚህ ግን የመርፌ ቅርጽ ወጥነት ይጎድላቸዋል። ክሪስታል ተገኘ ማለት ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ይህን ለመሥራት የሚጎድለን ዕቃ ሳይሆን ፈሳሽ የመቅዳት ልማድ ነው።

ኤኤስኦ ዋጋ የለውም እያልን አይደለም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ የጉሮሮ ሕመም ይዞት ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክንድ የሚዘዋወር እብጠት ካመጣ፣ የሩማቲክ ትኩሳት ነው ብሎ ልቡን በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ማሳየት ይገባል። እዚህ ኤኤስኦ ማስረጃ ይሆናል፤ የወር መርፌውም፣ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት (ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 600,000) በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ፣ የልብ ቫልቭን ያተርፋል። ግን ኤኤስኦ የሚናገረው «በቅርቡ ስትሬፕቶኮከስ አግኝቶኛል» የሚለውን ብቻ ነው። ተማሪ ልጆች ምንም ሳያማቸው ከ200 በላይ ይዘው ይዞራሉ። የ50 ዓመት ጎልማሳ በዚህ ቁጥር ብቻ ለዓመታት መወጋቱ ያሳዝናል፤ የሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ «ድኗል» ተብሎ ሲያቋርጥ ይበልጥ ያሳዝናል።

አርኤፍም እንዲሁ ነው። በቲቢ፣ በሄፓታይተስና በልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ፖዘቲቭ ይሆናል። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚጠረጠረው የሁለቱም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ከስድስት ሳምንት በላይ ሲያብጡና ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ሲገትሩ ነው። ለዚህ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው የአጥንት መቅኔው ሊከስም፣ ሊሞትም ይችላል። ሐኪሙ የቀኑን ስም፣ «ሰኞ» ብሎ፣ በማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይሰጥ፤ ነፍሰ ጡርና ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትውሰደው።

ሉፐስ፣ ማለትም መከላከያው የራሱን ሰውነት የሚያጠቃበት በሽታ ላይ፣ ሁለቱ የመከላከያ ክንዶች፣ ተፈጥሯዊውና አንቲቦዲ የሚያመርተው፣ ይገናኛሉ። ከፈራረሱ ሴሎች የወጣ ዲኤንኤና አርኤንኤ ከአንቲቦዲ ጋር ተጣብቆ ወደ ሴል ይገባና የቫይረስ ተቀባዮችን ይነካል፤ ሰውነት የሌለ ቫይረስ ለመዋጋት ኢንተርፌሮን የተባለውን የፀረ-ቫይረስ መልእክተኛ ያፈሳል። ከተቀባዮቹ አንዱ፣ ቲኤልአር 7፣ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ መቀመጡ ሴቶችን ይበልጥ ከሚያጠቃበት ምክንያት አንዱ ነው። በግልገል ጊቤ ዙሪያ ለወባ ሲባል ክሎሮኪንን የማያውቅ የለም፤ የዚያው ወገን የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን እነዚህን ተቀባዮች ስለሚያደነዝዝ የሉፐስ መሠረታዊ መድኃኒት ሆኗል። በቀን በኪሎ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥ፤ መድኃኒቱ ሲጀመር ዓይን ይታይ፣ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ በየቀጠሮው ይመርመር፤ ኩላሊት ሲጎዳ አያምም።

ወባ ባለበት አገር የሚረሳ አንድ ነገር ይቀራል። በየ3 እስከ 6 ሳምንቱ ትኩሳት እየተነሳበት ከ3 እስከ 6 ቀን የሚቆይ፣ ጉሮሮው የሚቀላ፣ አፉ የሚቆስል፣ አንገቱ ላይ ዕጢ የሚያብጥ፣ በመካከሉ ግን ፍጹም ጤነኛ የሆነና የሚያድግ ትንሽ ልጅ አለ። የወባ ምርመራው ሁሌም ኔጋቲቭ ነው፤ አንቲባዮቲክ ግን በየጊዜው ይጠጣል። ይህ የተፈጥሯዊው መከላከያ ራሱን በራሱ የማስነሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። እናት የትኩሳቱን ቀናት በደብተር ትመዝግብ፤ ሲአርፒ አንዴ በትኩሳቱ ጊዜ፣ አንዴ ደህና ሲሆን ይሠራ። በትኩሳት ጊዜ ከፍ ብሎ በመካከል ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ ደብተሩን ይዛ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ትሂድ። አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን፣ በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም፣ ትኩሳቱን በሰዓታት ያቆመዋል። ይህ ግን ወባ፣ ታይፎይድና ቲቢ ከተጣሩ በኋላ ብቻ ነው። ትኩሳት የስቴሮይድ መለማመጃ አይደለም፤ በእርጥብ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው አንጀቱ ውስጥ ስትሮንጂሎይድስ የተባለ ትል ካለ፣ ስቴሮይድ ትሉን በመላ ሰውነቱ ያባዛዋል። ስቴሮይድ ለሳምንታት ሊሰጠው የታሰበ ታማሚ ሰገራው ይመርመር፤ ትሉ ከተገኘ ወይም ከተጠረጠረ አይቨርሜክቲን በኪሎ 200 ማይክሮግራም ቀድሞ ይውሰድ።

የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት ሕክምናና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች
ከጅማ